ቫዮሊን በሆርማት አሸዋ ላይ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ፣ ወላሂ፣ ያለኝ ድንኳን ሁሉ በሰርግ መሃል ተደርምሶ እኔ ላይ ይውደቅ። ሰላሁዲን እባላለሁ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ እኔ ድንኳን የተዳረ፣ ያለ እኔ ወንበር የተለቀሰለት፣ ያለ እኔ ድምፅ ማጉያ የተሾመ ሰው የለም። ሰላሁዲን ያበዛል የሚሉ አሉ። እኔ አላበዛም፤ የሚገጥመኝ ነገር ራሱ በዝቶ ነው የሚመጣው።

ይህኛው የገጠመኝ ባለፈው ሰኔ ነው። ጦርነቱ ያለፈባቸውን ከተሞች እየዞረ የሚጫወት ኦርኬስትራ ከአዲስ አበባ ወደ ቆቦ መጣ። ሁለት መቶ ሰው ነው፤ ያውም ዕቃ ተሸካሚውን ሳልቆጥር። አንዳንዱ መሣሪያ ከባጃጅ ይበልጣል። የመጡበት አውቶቡስ ግን ሁለት ብቻ ነበር፤ እንዴት እንደበቃቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከነሱ ጋር አንዲት የክብር እንግዳ ነበረች፤ ቫዮሊን ተጫዋቿ ራዊያ። የኛው የቆቦ ልጅ ናት፤ ከቤቴ አራተኛው በር ነው ያደገችው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቫዮሊን ልማር ብላ አዲስ አበባ ሄደች፣ ከዚያ ካይሮ ገባች፣ እዚያው ቀረች። እሷ ደጋኗን ካነሣች ዓባይ ቆሞ ይሰማል ይባላል። መጀመሪያ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ይባላል።

እናቷ እትዬ ቶይባ ናቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፤ የቆቦን ግማሽ ሕዝብ ፊደል ያስቆጠሩ፣ እኔን ደግሞ ከነልምጩ። ቀኝ ጆሯቸው ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። ግራውም እየሄደ ነበር። ደሴ ያለው ሐኪም «ይህን ክረምት ከተሻገረ ዕድለኛ ነዎት» ብሏቸዋል። ራዊያ የምትልክላቸውን ቅጂ በስልክ ሲያዳምጡ «ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው የሚመስለኝ» ይላሉ። ልጅቷ ተማሪ ሳለች ወደ ቤት ስትመጣ መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ስለሆነ ይዛው አትመጣም ነበር፤ በኋላ ደግሞ መንገዱ ተዘጋ። እና እትዬ ቶይባ የገዛ ልጃቸውን ጨዋታ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት ሰምተው አያውቁም። የቀራቸው አንድ ጆሮ ነው፣ የቀራቸው አንድ ቀን ነው።

ራዊያ ከመምጣቷ በፊት ደወለችልኝ።

«ጋሼ ሰላሁዲን፣ ቆቦ የምቆየው የዝግጅቱን ቀን ከሰዓት ብቻ ነው። በማግስቱ እበራለሁ። እማዬን ከፊት አስቀምጥልኝ፣ በግራ ጆሮዋ በኩል።»

«ከሚኒስትር በላይ ነው የማስቀምጣቸው!»

«ከሚኒስትር በላይ ምን ያደርግላታል? ከኔ ሁለት ርምጃ ላይ አስቀምጥልኝ።»

ዝግጅቱ የታሰበው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ነበር። ወደ ሆርማት ወንዝ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ሜዳ ላይ ድምፅ ይበተናል፤ የእትዬ ቶይባ ጆሮ ደግሞ የተበተነ ድምፅ አይለቅምም። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ግን ግራና ቀኝ ያለው ገደል የሰጡትን ይመልሳል። ቆሜ ስሜን ተጣራሁ። ሦስት ጊዜ መለሰልኝ፤ ሦስተኛው ከኔ ድምፅ ያምር ነበር። አሸዋው ላይ አንድ ሺህ ወንበር ደረደርኩ።

እዚያው እየደረደርኩ አያ አላምረው መጡብኝ። አያ አላምረው የውሃ አባት ናቸው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ የሚያስጠልፉ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ የሚፈርዱ ሽማግሌ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ወንበር እየደረደርኩ፣ አያ አላምረው።»

«በሰኔ? እዚህ?»

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው እኮ።»

«ወንዝ ሰዓት አያስርም» አሉና ሄዱ። ይህን ያሉበት ድምፅ አንገቴ ላይ እንደ እርጥብ እጅ ተቀመጠ።

የቆቦ ሰው ያውቀዋል፤ የማያውቅ ይስማ። የኛ ጎርፍ በኛ ዝናብ አይመጣም። እኛ ፀሐይ እየሞቅን፣ አሸዋው እግር እያቃጠለ፣ ምዕራብ ያለው ደጋ ላይ ይጥላል፤ ውሃው ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ በጠራራ ይደርሳል። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። ውሃ አይመስልም። ከመሬት ሥር ድንጋይ የሚንከባለል ይመስላል፤ በጆሮ ሳይሆን በእግር ነው የሚሰማው። እሱን ከሰማህ በኋላ ለመውጣት ያለህ ጊዜ አንድ ፋቲሓ ለመቅራት አይበቃም።

በዚያ ቀን ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ክፉ ነበር። ነፋሱ ቆመ። ሙቀቱ ስድሳ ዲግሪ ገባ። ከደጋው በላይ ደመናው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሮ ተቀመጠ፤ ወደኛም አይመጣ፣ ወደዚያም አይሄድ። ሁልጊዜ አሸዋው ላይ ግመሎቻቸውን የሚያሳርፉ የአፋር ነጋዴዎች እንስሶቻቸውን እየጎተቱ ወደ ዳር አወጡ። «ምነው?» ብዬ አንዱን ብጠይቀው በአገጩ ግመሉን አሳየኝ። ግመሉ አንገቱን ወደ ምዕራብ አቅንቶ፣ አፍንጫውን ዘግቶ፣ ሳያመነዥክ ቆሟል። በወንበሮቼ እግር ሥር ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው በአንድ መስመር ወደ ገደሉ ይወጣሉ። ቆጠርኳቸው፤ አንድም ወደ ኋላ የሚመለስ የለም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙዚቀኞቹ ደረሱ። የሚመራቸው ሙሉጌታ የሚባል ሰው ነው፤ ቀጭን፣ የሚናገረው በጣቶቹ። መድረኩን አይቶ «ግሩም ቦታ ነው» አለ። ይህን እንዳለ አንዲት ቼሎ፣ ያቺ በጉልበት መሃል የምትያዘው ትልቋ ቫዮሊን፣ ማንም ሳይነካት፣ ሳጥኗ ውስጥ እንደተኛች፣ ጅማቷ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ሁሉም ዞሮ አያት።

«ሙቀቱ ነው» አለ ሙሉጌታ።

እኔ ምንም አላልኩም። እኔ ዝም ካልኩ ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ አስቡት።

እንግዲህ የቅሬያችን ጥሩንባ ነፊ ደግሞ እኔ ነኝ። ቅሬ፣ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ቆቦ የሚቀባበርበት ማኅበራችን ነው። ሰው ሲሞት እነፋለሁ፣ ከዚያ የሟቹን ስም እጣራለሁ፤ የሰማ ሁሉ ያለበትን ጥሎ ይነሣል። ጥሩንባዬን ያን ቀን ይዤ የሄድኩት ለእንግዶቹ ላሳያቸው ብዬ ነው። ከኦርኬስትራው ትራምፔት ነፊዎች አንዱ፣ ተዋቸው የሚባል ተጫዋች ልጅ፣ ተቀብሎ አገላበጣት።

«ይቺ ምንድን ናት አባቴ?»

«የዚያች የምታብለጨልጨው የናንተዋ እናት ናት።»

«ስንት ድምፅ ታወጣለች?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?» ብሎ ሳቀ።

«አንድ። ግን አገር ታስነሣለች።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ሙሉጌታ መጥቶ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን መኪና ውስጥ ያኑሩልን» አለኝ። «በጄ ትቆይ፤ አልነካትም» አልኩት። እውነቴን ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሰው ሞላ። አራት ሺህ፤ ወንበር ያጣው ገደሉ ሥር ተደርድሮ። አያ አላምረው ከአፋፉ ጫፍ፣ ለብቻቸው፣ ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ለእትዬ ቶይባ ትራሱ ቀይ የሆነውን የሙሽራ ወንበሬን አምጥቼ ከመድረኩ ሥር፣ በተባልኩት ቦታ አኖርኩ። ራዊያ ወረደችና የናቷን ትከሻ ይዛ ወንበሩን ትንሽ አዞረችው።

«እዚህ ሆነሽ እሰማሻለሁ፣ እማ?» አለች፣ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ ብላ።

«አንቺ ምን ትሰሚያለሽ፤ የምሰማ እኔ» አሉ እትዬ ቶይባ፣ እና ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን የተሳቀው እዚያ ላይ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ኦርኬስትራው ብቻውን አንድ ረጅም ነገር ተጫወተ። ሰዉ የት ላይ እንደሚያጨበጭብ ስላላወቀ ዝም ብሎ ሰማ። አራት ሺህ ሰው ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሕፃን አላለቀሰም፣ ውሻ አልጮኸም። ከገደል ገደል የሚመለሰው ድምፅ ከሄደው ወፍሮ ይመለስ ነበር፤ ሌላ ኦርኬስትራ ከላይ፣ ከወንዙ ራስ በኩል፣ የማናየው፣ የሚመልስልን እስኪመስለኝ ድረስ።

ከዚያ ራዊያ ወጣች። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሻሽ። እትዬ ቶይባ ከግራ ጆሯቸው ላይ ሻሻቸውን ገፋ አደረጉ። ሙሉጌታ ጣቱን አነሣ። ከሁሉ ኋላ የተቀመጡት ሁለት ከበሮ መቺዎች፣ የመዳብ ጎድጓዳ ከበሯቸው በርሜል የሚያህል፣ በለስላሳ ዱላ ቀስ ብለው ጀመሩ። ድምፅ አይባልም፣ ንዝረት ነው። አሸዋው በጫማዬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ራዊያ ቫዮሊኗን አገጯ ሥር አስገባች።

አንደኛው ከበሮ መቺ ዱላውን አስቀመጠ። ከበሮው ቆመ።

ንዝረቱ ግን አልቆመም።

ወላሂ አልቆመም። ከእግሬ ወደ ጉልበቴ ወጣ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ከመሬት ሥር፣ ከምዕራብ። ዞር ብዬ ሰውን አየሁ። ማንም አልሰማም፤ ሁሉም ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነው። አራት ሺህ ሰው በወንዝ ሆድ ውስጥ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። እትዬ ቶይባን አየሁ። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ፣ ጆሯቸው ወደ ልጃቸው ተዘንብሎ፣ ሙሉ ሰውነታቸው ጆሮ ሆኗል። ራዊያ ደጋኗን አነሣች።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ራስህን በኔ ቦታ አድርግ። ዝም ብል እኒያ ሴትዮ የሚፈልጉትን ይሰማሉ፤ ምናልባት ለአንድ ደቂቃ፤ ከዚያ ሁላችንንም ውሃው ይወስደናል። ብጮህ ማን ይሰማኛል? ሰላሁዲን እንደ ልማዱ ነው ይላሉ። ቆቦን በአንድ ትንፋሽ የሚያስነሣ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በእጄ ነበር።

ነፋሁ።

የጥሩንባው ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ እኔኑ መታኝ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ወንበር ተገለበጠ፣ ሴቶች እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ማነው?» አለ አንዱ። «ማነው? ማነው የሞተው?» የሚል ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ሄደ። መልስ የለም። ሰዉ ወደ ገደሉ ፈለሰ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሽማግሌ በግራ፣ ሕፃን በቀኝ እየተሸከምኩ አወጣኋቸው፤ ሙሉጌታን በቀበቶው፣ ትልቁን ከበሮ በጥርሴ። እትዬ ቶይባን ከነቀይ ወንበራቸው አንሥቼ አፋፉ ላይ አኖርኳቸው። የመጨረሻው ሰው እግሩን ከአሸዋው እንዳነሣ መጣ።

ቁመቱ ከሦስት ሰው በላይ ነው። ጥቁር፣ ፊቱ አረፋ። ዋርካ ከነወፎቹ ተሸክሞ አለፈ፤ ወፎቹ አልበረሩም። አንድ ሙሉ ቤት አለፈ፤ በሩ ከውጭ ተቆልፎ፣ ውስጡ መብራት በርቶ። አያ አላምረው እጄን ይዘው «አንተ ባትኖር» አሉ፣ አልጨረሱትም። ከአራት ሺህ ሰው አንድ ጫማ አልጠፋም። ወንበሮቼን ራሱ ጎርፉ ከጎብዬ በላይ፣ ዳር ላይ፣ በአሥር በአሥር ደርድሮ አስቀመጠልኝ።

ውሃው ሲያልፍ ፀሐይ ልትጠልቅ ደርሳ ነበር። ራዊያ አፋፉ ላይ፣ ከናቷ ሁለት ርምጃ፣ ባዶ እግሯን ቆማ ተጫወተች። እትዬ ቶይባ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ እጄን ሳሙና «ሰላሁዲን፣ ሰማሁ» አሉኝ። ነገሩ ይኸው ነው። እውነቱ ይኸው ነው።

ይህን በደብተር ጽፌ እንደጨረስኩ ፊደሉን ያርሙልኝ ብዬ እትዬ ቶይባ ዘንድ ወሰድኩት። ሌላ ማን ያርመዋል፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ታኅሣሥ ገብቶ ነበር። አሁን ለእሳቸው የሚነገር ነገር ሁሉ በወረቀት ነው የሚጻፈው። በረንዳው ላይ ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው አነበቡ። አልቸኮሉም። ቀዩን እስክሪብቶ ይዘዋል፤ አንድም ቦታ ግን አልነኩም። ሲጨርሱ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ፊደልህ ደህና ነው» አሉኝ። ራሳቸውን ስለማይሰሙ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል፤ ጠጋ ማለት ነበረብኝ። «ጎርፍ ግን አልመጣም፣ ሰላሁዲን።»

አፌን ከፈትኩ። ለማን ልናገር? መልሼ ዘጋሁት።

«ከበሮው ነበር። አንደኛው አቆመ፣ ሁለተኛው ቀጠለ። ዓይኔ እኮ ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ። አያ አላምረውም ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም። አንተ ነፋህ። ነፍተህ ደግሞ ስም አልጠራህም። እህቴን ሲቲን ታማ አልጋ ላይ ትቻት ነበር የመጣሁት። ስም ሳይጠራ ሲቀር ሰው ምን ያስባል? ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። እኔም ሮጥኩ። ሲቲ ደህና ነበረች፤ ሾርባ እየጠጣች ነበር። ስመለስ ሰዉ ተበትኗል፣ ሾፌሮቹ ምን መጣ ብለው ፈርተው ዕቃውን ጭነዋል። የፊተኛው አውቶቡስ ቫዮሊኑን ይዞ ሄዷል። ራዊያን አገኘኋት፤ ባዶ እጇን ነበረች። አቅፋኝ አለቀሰች። ልጄ ስትጫወት አልሰማሁም። በመስከረም ይሄኛውም ጆሮ ሄደ።»

ከመንገዱ አንድ ባጃጅ አለፈ። እሳቸው ዓይኔን እያዩ ነበር።

«አልተቆጣሁህም። ካይሮ ከደረሰች በኋላ ጻፈችልኝ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አንቺ ሳትመለሺ፣ እስከ መጨረሻው ተጫውቻለሁ አለች፣ እልህ ይዟት። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነበር፤ ጋሼ ሰላሁዲን ብቻ ጥሩንባውን ጭኑ ላይ ይዞ ቁጭ ብሎ ነበር አለች።»

ደብተሩን ባዶ ገጽ ላይ ገለጡና ከእስክሪብቶው ጋር ወደኔ ገፉት።

«እንዴት ነበር? እዚህ ጻፍልኝ» አሉ። «ሳትጨምር።»